ማቆም የሚያውቅ እጅ

ከካፋዋ ከተማ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ወደ ጫካ የሚገባ እንግዳ ዓይኑ መሬት ላይ ይቀራል። ቢቀርም አይፈረድበትም። ሥር ሥሩን ቡናው አለ፣ ኮረሪማው አለ፣ ጥምዙ አለ፤ መንገዱም ያዳልጣል። የካፋን ቀፎ ማየት የሚሻ ግን ቀና ማለት አለበት። ቀፎው ያለው ላይ ነው፤ ረጃጅሞቹ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን በሚዘረጉበት ከፍታ ጋደም ብሎ ተቀምጧል። ከታች ለሚያየው ሰው ነፋስ የጣለው ግንድ እዚያው ተሰንቅሮ የቀረ ይመስላል። የሰው ሥራ መሆኑ የሚለየው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የታሰረበት ሐረግ፣ ቀጥሎ ዙሪያውን የለበሰው ሽፋን፣ በመጨረሻም ጫፉ ላይ ገባ ወጣ የሚሉት ንቦች ይታያሉ።

ነፍሳትን ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ የማይለቀኝ አመል ነው። የጉንዳን ሰልፍ ካየሁ መጨረሻው የት እንደሆነ ሳላይ አልመለስም፤ ተርብ ጭቃ ተሸክማ ስታልፍ ቤቷን የት እንደምትሠራ ካላወቅሁ ዕረፍት የለኝም። ይህ አመል ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ነፍሳትን ለማወቅ ከመልካቸው ይልቅ ሥራቸውን መመርመር ብዙ እንደሚያተርፍ ነው። በሥራ በኩል ካየነው ደግሞ ካፋ ዓይን የሚይዝ ጉዳይ አለው። እዚህ አንድ ቀፎ ውስጥ የሁለት ባለሙያዎች ሥራ አብሮ ይገኛል፤ የሰውና የንብ። የሁለቱ ድንበር የት ላይ እንደሆነ ማየት ነው ዋናው ደስታ።

አካባቢው ለነፍሳት የታደለ ነው። ካፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ክልልነት ሲመዘገብ የተከለለው ስፋት 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት ያዩ፣ በ2004 ደግሞ ጎረቤቱ ሸካ ተከትለዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የላካቸው በርካታ ባለሙያዎች መረብና ፋኖስ ይዘው ጫካው ውስጥ ሰንብተው፣ በየዘርፋቸው ያገኙትን መዝግበዋል። የአካባቢው ሰው ግን ምዝገባ ሳይጠብቅ ጠንቅቆ የሚያውቃት አንዲት ፍጥረት አለች፤ እሷም ንብ ናት።

ሥራው የሚጀምረው ከእንጨት ምርጫ ነው። እንደ ዋንዛ ያለ ለመጥረቢያ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ የማይሰነጣጠቅ፣ ወደ ላይ ሲጎተት ክብደቱ የማያስቸግር እንጨት ይመረጣል። አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጉማጅ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የየግማሹ ልብ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ ሁለቱ እንደገና ተገጥመው በጫካ ሐረግ ይጠፈራሉ። ሁለቱ ጫፎች ይዘጋሉ፤ ለንቧ መግቢያ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ካፋ ዝናብ የማይለየው አገር ስለሆነ ውጭው ውኃ በሚመልስ ነገር፣ በቅጠል ወይም በልጥ፣ ይሸፈናል።

ሲነገር ቀላል ነው። ጥሩውን ከተራው ለመለየት ግን ሦስት ቦታ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ግጥሙ ነው። ግንዱ በአንድ ስንጥቅ የተለያየ ከሆነ የአንዱ ግማሽ ጎባጣ ለሌላው ግማሽ ጎድጓዳ ይገጥማል፤ ስንጥቁ በመጥረቢያ ተስተካክሎ የተላገ ከሆነ ግን እንጨቱ በተፈጥሮ የነበረውን መገጣጠም አጥቷል። ባዶውን ቀፎ ወደ ፀሐይ አዙሮ በጫፉ በኩል ወደ ውስጥ ማየት በቂ ነው። በመልካም ቀፎ ግጥም ላይ ብርሃን አይገባም፤ ቢገባም እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ነው፤ ያንን ንቦቹ ራሳቸው ይደፍኑታል። ያልሰመረ ግጥም ጉንዳን ያስገባል፤ ጉንዳን ከገባ ደግሞ መንጋው አያድርም።

ሁለተኛው የግድግዳው ውፍረት ነው። ሲበዛ ቀፎው ይከብዳል፤ ሲሳሳ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ንቦች እጮቻቸው የሚያድጉበትን ቦታ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያቆዩት ነው ሁሉም ደህና የሚሆነው። ይህን ሙቀት የሚጠብቁት ሲበርዳቸው ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ፣ ሲሞቃቸው በክንፋቸው እያራገቡ ነው፤ ለሁለቱም ማር ያቃጥላሉ። ስለዚህ ፈልፋዩ ያለ አግባብ ያሳሳው እያንዳንዱ ጣት ዓመቱን ሙሉ ከማሩ ላይ ይቀነሳል። መጥረቢያውን እያሳረፈ በድምፅ ብቻ ውፍረቱን የሚገምት እጅ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ ቀፎ ሲፈለፈል ማየት ይጠይቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚገርመኝ የውስጡ ገጽ ነው። የአናጢ ሥራ የለመደ ዓይን ውስጡ ለስልሶ አለማየቱ ቅር ይለዋል። የመጥረቢያው ጥርብ እንዳለ ይታያል፤ ሸካራ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። ሰም ሲንጠለጠል የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ንብም ሸካራውንና ስንጥቁን ከዛፍ በምትሰበስበው ሙጫ ትለስነዋለች። ያ ሙጫ ሻጋታንና ጀርምን ይከላከላል። ልስልስ ግድግዳ ለሰው ዓይን ያምራል እንጂ ለንቧ ምንም አይጠቅማትም። ቀፎ ሠሪው ውጭውን በጥንቃቄ ጨርሶ ውስጡ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። መደርደሪያ አያስገባም፤ ክፍል አይለይም፤ ምልክት አያደርግም። ባዶውን ለባለቤቷ ይተወዋል።

ከዚያ ቀፎውን መስቀል ይመጣል። ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍና ጫካ በዘፈቀደ አይያዝም። ካፋና ሸካ ውስጥ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ አንድ ቤተሰብ በታወቀ የጫካ ይዞታ ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት ይኖረዋል፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዚህ የተነሳ ዛፉ የሚጠበቀው ለጣውላው ሳይሆን ቁመቱ ለቀፎ፣ አበባው ለማር ስለሚሆን ነው። አናቢው በሐረግ ወይም በገመድ እየተረዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀፎው ተከትሎ ይጎተታል፤ ቅርንጫፍ ላይ ተመቻችቶ ይታሰራል። ሐረጉ በአንድ በኩል ብቻ ከተወጠረ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ቋጠሮው ይላላል፤ ባለሙያው ስለዚህ ክብደቱን ለሁለት ያካፍለዋል። ቀፎው ከመሰቀሉ በፊት ውስጡ በመልካም መዓዛ ጢስ ይታጠናል። ከዚህ በኋላ ሰው ማድረግ የሚችለው መጠበቅ ነው።

ንብ መጥታ ቀፎውን ከወደደችው ሁለተኛው ባለሙያ ሥራ ይጀምራል። ሠራተኛ ንቦች ከጣሪያው ላይ አንዷ የሌላዋን እግር ይዛ ተንጠልጥለው መጋረጃ ይሠራሉ። በዚያ መጋረጃ ውስጥ ያሉት ዕድሜያቸው 2 ሳምንት ገደማ የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። ከሆዳቸው ሥር ከ8 ትናንሽ ኪሶች ስስ የሰም ቅርፊት ይወጣል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በጣት ቢነኩት የሚሰበር። ንቧ ቅርፊቱን በእግሯ አንስታ በመንጋጋዋ ታኝከዋለች፤ ከምራቋ ጋር ተለውሶ ሲለሰልስ ከቦታው ትለጥፈዋለች። አንድ ግራም ሰም ለመሥራት አንድ ሺህ ያህል ቅርፊት ያስፈልጋል።

አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ ይዛችሁ ማሩ ከፈሰሰለት በኋላ ወደ ብርሃን አዙሩት። የየቤቱ፣ ማለትም ማሩ የነበረበት የእያንዳንዱ የሰም ጎድጓዳ፣ ግድግዳ ውፍረት 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይለይም። የቤቱ ወለል ጠፍጣፋ አይደለም፤ በሦስት ገጾች ተዳፍቶ ወደ አንድ ነጥብ ይገባል። እያንዳንዱ ገጽ ከጀርባ በኩል ላለ ሌላ ቤት ወለል ነው፤ ስለዚህ አንድ ቤት ከኋላው ከሦስት ቤቶች ጋር ይደገፋል። በስስ ሰም የተሠራው ነገር ከባድ ሸክም የሚችልበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው። ቤቶቹ ወደ አፋቸው በኩል ከ9 እስከ 14 ዲግሪ ቀና ብለው የተሠሩ በመሆናቸው ገና ያልደረቀው ማር ወደ ውጭ አይፈስም። እንዲህ ሆኖ 40 ግራም ሰም 2 ኪሎ ገደማ ማር ይሸከማል።

ቤቶቹ ባለ ስድስት ጎን መሆናቸው የሒሳብ ሰዎችን ሲያስገርም ኖሯል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ፓፑስ ንብ ይህን ቅርጽ የመረጠችው በትንሽ ሰም ብዙ ለመያዝ ነው ብሎ ጽፏል። አንድን ሜዳ እኩል ስፋት ወዳላቸው ክፍሎች ለመከፋፈል አነስተኛ ግድግዳ የሚጠይቀው ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ መሆኑን ግን በማያሻማ ማስረጃ ያረጋገጠው ቶማስ ሄልስ ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1999። የካፋ ንብ ይህንን የምትሠራው ጨለማ ውስጥ፣ በአንቴናዋና በመንጋጋዋ እየለካች፣ ያለ አለቃ ነው። አውራዋ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ግንባታ አታዝም።

ንቦቹን በዘር ለመለየትም ተሞክሯል። አምሳሉ በዛብህና ኑሩ አድጋባ ከሁለት የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት የአገሪቱን ንብ በአካል ልኬት አምስት ወገን አድርገው ከፈሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለኢትዮጵያ ንብ ሲሜንሲስ የሚል የራሷን ስም ሰጣት። ጫካ ውስጥ ለቆመ ተመልካች ግን ከስሙ በፊት የሚታየው መጠኗ ነው። ከአውሮፓዋ አነስ ትላለች፤ የምትሠራው ቤትም እንዲሁ ጠበብ ያለ ነው። ቤት እንድትሠራበት የሚሰጣት፣ ለአውሮፓ ንብ በ5.4 ሚሊሜትር የቤት ስፋት የታተመ የሰም ወረቀት ለእሷ ልኳ ያልሆነ ልብስ ነው።

ቤቱን ከሠራች በኋላ የምትሞላው ጫካው በየወሩ የሚሰጣትን ነው። በበጋው ግራዋ ያብባል፤ የጠጅ ጋን የምናጥብበት ያው ግራዋ ነው። ዝናብ ጣል ሲያደርግ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ ንብ በዚያ ሰሞን ዕረፍት የላትም። ቀጥሎ የካፋ ሰዎች ቡቶ የሚሉት ጌተም ይመጣል። ይህ ዛፍ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው፤ ካደገ በኋላ ለንብ ከሚያብቡት ሁሉ ትልቁን ድግስ ይደግሳል። ማሩ ነጭ ነው፤ ቶሎ ይረጋል፤ ሲረጋ ቅንጣቱ የላመ ስለሆነ ምላስ ላይ አይሻክርም። ከጌተም በኋላ ብሳና ያብባል፤ የእሱ ማር ጠቆር ብሎ መረር ይላል። ራይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ኢትዮጵያ የንብ ዕፀዋት ያሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን የአበባ ተራ ለሚከታተል ሰው አሁንም የማይጠገብ ነው።

የአበባው ፈሳሽ ሲመጣ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ንቦች ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ፣ ስስ አድርገው እየዘረጉ፣ ሌሊቱን በክንፋቸው እያራገቡ ውኃውን ከ20 በመቶ በታች ያወርዱታል። ሲበቃው ቤቱን በሰም ይከድኑታል። እንደ ቦንጋ ባለ ርጥብ አየር ይህ ክዳን ትልቅ ነገር ነው። ማር ከአየር ውኃ ይስባል፤ ያልተከደነውን የቆረጠ አናቢ ንቧ ገና ያልጨረሰችውን ሥራ ነው የሚሸጠው፤ ቆይቶም ይቦካበታል።

ስለዚህ ማር መቁረጥ ራሱ ሙያ ነው፤ ሦስተኛው። የሚቆረጠው ማታ ነው፤ ንቧ ቁጡ ናት፤ በጨለማ ግን ብዙ አትበርም። ሰውየው ጢሱን ይዞ ይወጣል፤ ከንቦቹ መግቢያ በተቃራኒ ያለውን ጫፍ ይከፍታል። ማሩ የሚከማቸው በዚያ በኩል ነው፤ እጮቹ ያሉት ወደ መግቢያው ቀረብ ብለው ነው። ቢላዋው ማሩን አልፎ እጩ ወዳለበት ሲቃረብ ቀለሙ ይለወጣል፤ ክዳኑም ጠቆር፣ እብጥ ይላል። ያወቀ እዚያ ላይ ይቆማል። ያላወቀ ወይም የሰሰተ እስከ መጨረሻው ይጠርገዋል፤ በነጋታው ባዶ ግንድ ይቀርለታል። እዚህም ላይ የሙያው ልክ የሚታወቀው እጅ በቆመበት ቦታ ነው።

ስድስት ጎን ብቸኛው መልስ እንዳይመስለን ጫካው ሌላ ባለሙያ አስቀምጧል። ጣዝማ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት፤ መሬት ውስጥ ትኖራለች። ከላይ የሚታየው ቀዳዳዋ ብቻ ነው፤ ሣር ውስጥ ከሆነ ሰው ረግጦት ያልፋል። ጎሬዋ ወደ ታች ይወርድና ከሥር ባለ ባዶ ቦታ ያበቃል። ማሯን የምታስቀምጠው በባለ ስድስት ጎን ቤት ሳይሆን ሰምና ሙጫ አዋሕዳ በምትሠራቸው ጥቃቅን ገንቦዎች ነው፤ ሙጫ ስላለባቸው መልካቸው ቡናማ ነው፣ በጣት ሲጫኗቸው ለምጥ ይላሉ። ለእጮቿ ደግሞ ለብቻ፣ ደረጃ በደረጃ የተነጠፉ ወለሎች ትሠራለች። ዙሪያውን ርጥበት እንዳይገባ በሙጫ ትለብጠዋለች። ጣዝማ ፈላጊ ቀጭን ሣር ወደ ቀዳዳው አስገብቶ እሱን እየተከተለ ይቆፍራል፤ ሣሩ ከጠፋው መንገዱም ይጠፋል። ማሯ ጥቂት ነው፤ የሚቀመጠውም ለመድኃኒት ነው። የንብን ቤት እንደ አንድያ ፍጹም ነገር የሚያደንቅ ሰው የጣዝማን ገንቦ አንድ ጊዜ ቢያይ አድናቆቱን ለሁለት ማካፈሉ አይቀርም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። የግንድ ቀፎ ኋላ ቀር ነው፣ ተነቃይ ፍሬሞች ባሉት የሣጥን ቀፎ፣ በፍሬም ቀፎ፣ መተካት አለበት የሚለው ሐሳብ ቆይቷል። እውነት አለው። ፍሬም ቀፎ ሲከፈት የውስጡ ይታያል፤ ማሩ በማሽን ተጣርቶ ሰሙ ለንቧ ይመለስላታል፤ ዛፍ ላይ የሚያስወጣ አደጋም የለም። ከግንድ ቀፎ ይልቅ ብዙ ማር ይሰጣል። የዚህ ቀፎ መሠረት አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋለው ነገር ነው፦ ንብ በሁለት ነገሮች መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ካገኘች መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች፤ ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋ ሰም ትሠራበታለች።

ነገር ግን ይህ ማለት ልኬቱ ሁሉ ከንቧ ወደ አናጢው ተዛወረ ማለት ነው። አናጢው በሚሊሜትር ከሳተ ፍሬሞቹ ተጣብቀው አይነሱም፤ የቀፎው ጥቅም እዚያው ይቀራል። በየገበያው የሚታዩ ብዙ ፍሬም ቀፎዎች ያልደረቀ ጣውላ ሆነው ከአንድ ክረምት በኋላ ሲጣመሙ አይቻለሁ። የካፋ ግንድ ቀፎ ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። ከሰው የሚፈልገው ልኬት የውጭውን፣ የግጥሙንና የውፍረቱን ብቻ ነው፤ የውስጡን ሚሊሜትር ከእሱ ይልቅ ለምታውቀው ለቀቀላት። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ሥራውን ካለማየት ይመጣል። ትርፍና ምቾት ሲመዘን ፍሬሙ ያሸንፍ ይሆናል። ለሌላ ባለሙያ ቦታ በመልቀቅ በኩል ግን ግንዱ የሚበልጠው አላየሁም።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ማር የሚሄደው ወደ ጠጅ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አገሪቱ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ ከተፈቀደላት ወዲህ የካፋ ማር በብልቃጥ ታሽጎ ውጭ መውጣት ጀምሯል። ብልቃጡ ላይ ጫካው ይጠራል፣ አበባው ይጠራል፣ ንቧም ትሣላለች። ቀፎ ሠሪው ግን የለም። የሸማኔን ጥበብ በጥለቱ፣ የአንጥረኛን በመስቀሉ እናውቃለን፤ የእሱ ሥራ ዛፍ ላይ ስለሆነ ከዓይናችን ይርቃል፤ ሲወርድም የሚወርደው ማሩ ብቻ ነው። ከባለሙያ ተራ መቆጠር አለበት ስል ለማዘን ወይም ላለፈው ዘመን ለመናፈቅ አይደለም። ሥራውን የሚፈርድለት ዳኛ አለው፤ ያውም ከእኛ የተሻለ። ሰው ያልጣመውን ሥራ በይሉኝታ ያመሰግናል። ንብ ይሉኝታ አታውቅም፤ ግጥሙ ያልሰመረውን ቀፎ አይታ ታልፋለች፣ የሰመረውን ትገባበታለች። ካፋ ጫካ ውስጥ ንብ የያዘ ቀፎ ሁሉ በዚህ ፈተና ያለፈ ነው።